ሶኬቱን ልንቀለው ብሎኝ ነበር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ሰኔ ውስጥ ነው። ጊዜው ሄዷል፤ አሁንም ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ «ኤጭ» ብሎ ሲያማርር እኔ ተነስቼ የቤቱን ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሰብለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ የምኖረው ከዚራ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ልብስ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። ሥራዬ የሰው ስህተት መፈለግ ነው፤ የተዛነፈ ስፌት፣ የጎደለ ቁልፍ። ጓደኞቼ ይህ ሥራ ደምሽ ውስጥ ገብቷል ይሉኛል። ሌላውን ማረም እወዳለሁ፤ እኔን ሲያርሙኝ ግን ይጎመዝዘኛል። እንዲህ የሚሉኝም እነሱ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው።

ከሥራ ውጪ ጊታር እጫወታለሁ። ሠርግ ላይ የምንጫወት አነስተኛ ባንድ አለን። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው አብዲ ነው። አብዲ የሱማሌ ልጅ ነው፤ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ አለው። ከአስር ዓመት በላይ እንተዋወቃለን። ወንድም የለኝም፤ አለኝ ከተባለ እሱ ነው።

የኔ የጊታር አምፕሊፋየር እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፣ ባለ ቱቦ ነው። የዱሮ ሬዲዮ ተከፍቶ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ለሥራ እዚህ መጥቶ የነበረ አንድ ጊታሪስት ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው ነው። ድምፁ ልብ ያጠፋል። ጸባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ኃይሉን የሚቀበልለት ነገር ሳይሰካለት ፈጽሞ ሊበራ አይገባም። የሚቀበልለት ወይ ስፒከር ነው፣ ወይ ደግሞ ሎድ ቦክስ የሚባል፣ በስፒከሩ ቦታ ገብቶ ኃይሉን ሁሉ ወደ ሙቀት የሚቀይር ከባድ የብረት ሳጥን ነው። ባዶውን ከበራ ይቃጠላል።

ስለዚህ ሥርዓት አለው። ስታበራ መጀመሪያ የስፒከሩን ወይም የሎድ ቦክሱን ገመድ ትሰካለህ፣ ከዚያ ታበራለህ። ስታቋርጥ መጀመሪያ ታጠፋለህ፣ ሶኬቱን ትነቅላለህ፣ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለህ፣ ገመዱን የምትነካው መጨረሻ ላይ ነው። ይህንን ለባንዱ ልጆች ሁሉ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የተሳሳተውን ተቆጥቻለሁ። አንዴ ድራመራችንን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ።

ሎድ ቦክሱን ያስመጣሁት በእንቅልፍ ምክንያት ነው። ድሬን የማታውቁ ካላችሁ፣ እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ እስከ አስር ሰዓት ድረስ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከጠዋት ፈረቃ የምመለሰው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። አከራዬ እትዬ ብርቄ በቀን እንቅልፏ ቀልድ አታውቅም። አምፕሊፋየሩን ከሎድ ቦክሱ ጋር ሳገናኘው ቤት ውስጥ ድምፅ የለም፤ የምሰማው በሄድፎን ብቻ ነው። ግቢው ይተኛል፣ እኔ እጫወታለሁ። ተስማምተን ኖርን።

ስለ ግቢያችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አምስት አባወራ ነን፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ ያለውም እትዬ ብርቄ በር ላይ ነው። ውሃና ለስላሳ የምታቀዘቅዝበት ፍሪጅ ስላላት ቆጣሪውን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ስለዚህ እኛ ግቢ ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀየረው፣ የተቃጠለ ሽቦ የሚጠገነው መብራት ሲጠፋ ነው። ሰፈሩ ጨለማ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ልክ ሲጠፋ ሁሉም ካቻቪቴውን ይዞ ይነሳል። መብራት ጠፋ ማለት ለኛ መጠገኛ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ስንኖር አንድም ሰው ምንም ሆኖ አያውቅም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ሠርግ ስለነበረብን አብዲ ስለ ዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ሊያወራኝ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ቬንትሌተሩ እንኳ የሚነፋው ትኩስ አየር ነበር። እየተለማመድኩ ነበርና ሄድፎኑን አወለቅኩ። አምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት ሁለት ቁልፎች አሉት። አንደኛው ዋናው ማጥፊያ ነው። ሁለተኛው ስታንድባይ ይባላል፤ ቱቦዎቹ እንደጋሉ መሣሪያውን ያሳርፈዋል። አብዲን ላወራው ብዬ ስታንድባይ ላይ አደረግኩት። ዋናውን አላጠፋሁትም።

ወሬ እንደያዝን መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ።

የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የሎድ ቦክሱ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። እሱን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ላልቶ ገመዱ ይንቀሳቀስብኝ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። እየተጫወትኩ ሾልኮ ቢወጣ አምፕሊፋየሬ አበቃለት። መብራት ሲኖር መጫወት ስለምፈልግ ጥገናውን ለመብራት መጥፊያ አሳልፌው ነበር። «በል ያቺን ዳዶ እናጥብቃት» አልኩት። አብዲ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ችግር የለበትም፣ ጣቶቹ ቀጭንና ቀልጣፋ ናቸው። ካቻቪቴውን ተቀብሎኝ ተንበረከከ።

ሎድ ቦክሱን በእጁ ዳበስ አደረገው። «አቦ፣ ይሄ ነገር ዳቦ ይጋግራል» አለ። ከዚያ ወደ አልጋዬ ስር ተመለከተ። የግድግዳው ሶኬት ያለው ከአልጋው ኋላ ስለሆነ ለመንቀል በደረት መሳብ ያስፈልጋል።

«ሶኬቱን ልንቀለው?» አለኝ።

«መብራት የለም እኮ፣ ምኑን ነው የምትነቅለው?»

«ልንቀለውና እንገላገል። አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ይነቀል የምትዪው?»

እዚህ ላይ ነው እኔ መታረም የማልወደው። «እሱ መብራት ሲኖር ነው» አልኩት። «ስልክ ጠጋኝ ነኝ እያልክ በሰፈሩ ላይ ትኮራለህ፣ አንዲት ዳዶ ትፈራለህ።» ሳቀና ተወው።

የኋላ ክዳኑን ፈታው። እኔ በስልኬ ባትሪ አበራሁለት። የሎድ ቦክሱን ገመድ ነቀለ። በቀኝ እጁ ዳዶውን በፒንሳ ያዘ፣ ግራ እጁን ደግሞ ከውስጥ በኩል እንዲደግፍ ወደ መሣሪያው ሆድ አስገባ። ጣቶቹ ከብርሃኑ አልፈው ሲገቡ አይቻለሁ።

ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደ አለንጋ፣ አንዴ ብቻ። አብዲ አልጮኸም። ወደ ኋላ ተወርውሮ ጭንቅላቱ የአልጋውን ብረት መታና በጎኑ ወደቀ። አምፕሊፋየሩም አብሮት ተጎትቶ ወደቀ፤ የተከፈተው ጎኑ ክንዱ ላይ ተጋደመ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ሊሆን አይችልም የሚል ነበር። ጮክ ብዬም ተናግሬዋለሁ። «መብራት የለም እኮ» አልኩ፣ ማንም በሌለበት፣ ወለሉ ላይ ለተዘረጋ ሰው።

ስሙን ጠራሁት። ዓይኖቹ ግማሽ ተከፍተዋል፣ ግን አያዩኝም። እንደገና ጠራሁት። ደረቱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ባትሪውን አበራሁበት፤ ምንም መለየት አልቻልኩም። አምፕሊፋየሩን ከክንዱ ላይ ላነሳ እጄን ሰነዘርኩ።

ያኔ ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ።

ከውጭ አንድ ልጅ «መጣ!» ሲል ሰማሁ። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት በራ። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ መቅላት ጀመሩ፣ ከአብዲ ክንድ አጠገብ፣ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። በእኔና በሶኬቱ መሐል አብዲ ተጋድሟል፤ ክፍሌ ጠባብ ነው፤ እሱንና ያንን የተከፈተ ብረት ሳልነካ አልጋው ስር መግባት አልችልም። ብነካው እኔም እቀራለሁ፤ ካልነካሁት ደግሞ እሱ ይሞታል። ምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንዳየሁት አላውቅም። ምናልባት ሦስት ሰከንድ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ጊዜ አላለቀልኝም።

ከዚያ ሮጥኩ። ባዶ እግሬን ግቢውን አቋርጬ ቆጣሪው ጋ ደረስኩና ማጥፊያውን ወደ ታች መታሁት። የእትዬ ብርቄ ፍሪጅ ድምፁ ቀጥ አለ።

«ማናት እሷ ቆጣሪዬን የምትነካ?» አለች ከውስጥ፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ። በሩ ላይ ወጥታ ፊቴን ስታይ ቁጣዋ ጠፋ። በጣቴ ወደ ቤቴ ጠቆምኩ።

እትዬ ብርቄ ሰባ ዓመት ይሆናታል። ሟች ባሏ የባቡር ኤሌክትሪሺያን ነበር። ገብታ አብዲን ስታይ አልጮኸችም። «ሶኬቱ ተነቅሏል?» አለችኝ።

«ቆጣሪው ጠፍቷል» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

በሩ ኋላ የነበረውን መጥረጊያ አነሳችና በደረቁ እንጨት አምፕሊፋየሩን ከክንዱ ላይ ገፍታ ጣለችው። ቀጥላ በዚያ ዕድሜዋ በደረቷ ተስባ አልጋው ስር ገባችና ሶኬቱን ነቀለችው። እኔ ሰንፌ የተውኩትን ነገር አንዲት አሮጊት ስታደርገው ቆሜ አየሁ። ከአልጋው ስር ሳትወጣ «ጆሮሽን ደረቱ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

አደረግኩ። የራሴ ልብ ጆሮዬ ውስጥ ስለሚደልቅ የሱን መለየት አቃተኝ። ቆይቶ ሰማሁት። ይመታል፣ ግን የተዘበራረቀ ነበር፤ ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ይመታና ይቆማል። ሲቆም አብሬው እቆማለሁ። ከዚያ አብዲ አቃሰተ።

«ልቤን» አለ።

መንገድ ወጣሁ። ከዚራ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ሰው አይደለም ውሻ አይገኝም። ከዛፍ ጥላ ስር የቆመ አንድ ባጃጅ አየሁ። ሹፌሩ እግሮቹን በአንድ በኩል አውጥቶ ተኝቷል። ቀሰቀስኩት። በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረኝ፤ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀልኩ «ሰው ሊሞትብኝ ነው» አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። አብሮኝ ገብቶ አብዲን በእቅፉ አወጣው።

ባጃጁ ውስጥ የአብዲ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ነበር። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሹፌሩ መንገድ ላይ አፉን አላሳረፈም፤ አብዲ ሱማሌ መሆኑን ሲያውቅ በሱማሌኛ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ሰፈር እንዳደገ፣ የትኛውን ኳስ ቡድን እንደሚደግፍ ይጠይቀዋል። በኋላ ነው የገባኝ፣ እንዳይተኛ ነው። አብዲ አንዳንዱን ይመልሳል። ሁለት ጊዜ መመለስ አቆመ። ሁለቱንም ጊዜ አበቃ ብዬ ነበር። በስሙ እየጠራሁ ጉንጩን መታሁት፣ እኔ ራሴን መምታት ሲገባኝ።

ድንገተኛ ክፍል ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጣጠፉበት። ሐኪሙ «መብራት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልነበረም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ። የልቡ ምት ስለተዛባ ተኝቶ መታየት አለበት አለ። ይድናል ወይ አልኩት። «እናያለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «እናያለን» የሚል ቃል እጠላለሁ።

እናቱ መጣች። እኛ ሁላችንም ሆዮ ነው የምንላት፣ ልጆቿ በሱማሌኛ «እናቴ» ብለው እንደሚጠሯት። ሽርጧን እያስተካከለች፣ ጫማዋ ሁለት ዓይነት ሆኖ ነበር የደረሰችው። አብዲን ግንባሩን ነካችውና ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሆነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ልናገር እንደነበር እምላለሁ።

«እኔ ነኝ፣ ሆዮ» አለ አብዲ ከአልጋው ላይ። ድምፁ በጣም ደክሟል። «ሰብለ አላየችኝም። ሳልጠይቃት ነው የነካሁት።»

ሆዮ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ፣ ዝምም አልኩ።

የዚያን ምሽት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ቢሞት የመጨረሻ ቃሉ እኔን ለማዳን የተናገረው ውሸት ይሆናል። ስሙም «ሳይጠይቅ የነካ ችኩል» ሆኖ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ከእናቱ ጋር አለቅሳለሁ። ነርስ ከክፍሉ በወጣች ቁጥር ፊቷን አየዋለሁ። ስትሄድ እግዜርን እለምናለሁ፣ ስትመለስ ደግሞ ልመናዬ ይጠፋብኛል።

አልሞተም። ጠዋት የልቡ ምት ተስተካከለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ወጣ። ሠርጉን ሌላ ባንድ ተጫወተው።

በኋላ አምፕሊፋየሩን የዱሮ ሬዲዮ ለሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው። ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ቆርቆሮ መሳይ ነገሮች አሉ፣ ካፓሲተር ይባላሉ። መብራት ቢጠፋም እነሱ የያዙትን ይዘው ይቆያሉ። ስታንድባይ ላይ ስለነበረ ደግሞ የተጠራቀመው የሚወጣበት መንገድ አጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። የአብዲን እጅ የመታው እሱ ነው። «ሶኬቱ ብቻውን ቢነቀልም ይመታው ነበር» አሉኝ። «ይህ ነገር በማያውቅ ሰው አይከፈትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስሰማ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ለካ ጥፋቱ የሶኬቱ አይደለም ብዬ። ቤቴ ስደርስ አፈርኩ። አብዲ ሶኬቱን ሲለኝ እየፈራ ነበር፤ «ልክ ነህ፣ እንተወው» ብለው ኖሮ እጁ እዚያ ውስጥ አይገባም ነበር። በፍርሃቱ ያፌዝኩበት እኔ ነኝ።

አብዲን ለምን ዋሸህ ብዬ ስጠይቀው «ሆዮን አታውቂያትም፣ ከቤት ታስወጣሽ ነበር» ብሎ ቀለደብኝ። ወር ሲሞላው ወደ ባንዱ ተመለሰ። አንድ ሠርግ ላይ ከጎኔ ቆሞ ሲጫወት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዱሮ ታዳሚውን እያየ ነበር የሚጫወተው፤ ያን ቀን ከግራ እጁ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ጠየቅኩት። ሁለት ጣቶቹ ክሩን መንካት አለመንካታቸው አይሰማውም፣ ካላየ አያውቅም። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች «አቤት፣ ሙዚቃው እንዴት ወስዶታል» ሲባባሉ ሰማሁ። ጊታሬን ይዤ እዚያው ላለቅስ ደረስኩ።

በማግስቱ ሆዮ ቤት ሄድኩ። ሻይ ልታፈላልኝ ስትነሳ ተቀመጪ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ልንቀለው እንዳለኝ፣ እንዳፌዝኩበት፣ ሆስፒታል ዝም እንዳልኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ልጄ ሳይጠይቅ የሰው ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሳልጠይቅ ነካሁት ሲለኝ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሺኝ?»

ተነስታ ሻዩን አፈላችው፣ አመጣችልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሻዩን እስክቀምስ ጠበቀችኝ።

«ያ ቀን አሁንም ያስፈራሻል?» አለችኝ።

«በየቀኑ» አልኳት።

«ፍሪ» አለችኝ። «ፍርሃቱ እንዳይለቅሽ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እንዳለችኝ እፈራለሁ።